ጋሽ ነጥብና የሐኪሟ ወረቀት

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የቅጥር ፋይሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጋሽ ነጥብ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ወረቀት ቆራጩ ነው። ሰውየው እረፍት ወጥቶ ሳለ አራት ሺህ የሠርግ ጥሪ ካርድ ታትሞ፣ ተቆርጦና ታስሮ አለቀ። የተመለሰ ዕለት አንዷን ካርድ አንሥቶ አየና «ይሄ ከዚህ በር አይወጣም! መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለውም» ብሎ በሩ ላይ ተገተረ። ካርዱ እንደገና ታተመ። ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቆዩ፤ ቅጽል ስሙ ግን እንደጸና አለ።

ሥራው አራሚነት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀምጦ የሰው ስሕተት ሲለቅም ኖሯል፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የቢሮ ቅጽ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ ምን ያልለቀመው አለ። በቀኝ እጁ ቀይ ብዕር፣ በግራው እጀታው በፕላስተር የተጠገነ አጉሊ መነጽር ይይዛል። ሰው የተጻፈውን ትቶ የጠበቀውን ነው የሚያነብ፤ ጋሽ ነጥብ ግን ፊደሏን ብቻ ነው የሚያይ ይባልለት ነበር። ይህን ራሱም ያምናል። ከማመንም አልፎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይንቀባረርበታል።

የመንቀባረሩን ዱላ የምትቀምሰው ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው የኮምፒውተር ጸሐፊ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ፊደል ስትቆጥሪ ስንተኛው ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደሽ?» ይላታል፣ ቀይ በቀይ የሆነ ገጽ እየመለሰላት። ገጹ ንጹሕ የሆነ ቀን ደግሞ ዝም ብሎ ፈርሞ ያሳልፈዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ልክ ነሽ» የምትል ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። አልተቀየመችውም። ከእሱ የተማረችውን ሌላ ማንም እንደማያስተምራት ታውቃለች።

ሽፍታው መጀመሪያ ክርኑ ላይ ወጣ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ፣ ከዚያ ሊናገሩት በሚያሳፍረው ቦታ። ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች እየተሰባሰቡ ይፈላሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ቦታው እንደ ሳማ ይለበልባል። ካከከው ይደማል፣ ካላከከው ያሳብደዋል። እንዲህ ያለው ማሳከክ ያልደረሰበት ሰው «ታገሥ» ማለት ይቀለዋል። ጋሽ ነጥብ ከስብሰባ መካከል ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ይገባና ጀርባውን ከበሩ መቃን ጋር እየፈተገ ዕንባው ይወርድ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን ሁለት ዓመት ደበቀው። በሙቀት ቀን እጀ ረጅም ሸሚዝ እስከ አንጓው ቆልፎ ይመጣል። ከመድኃኒት ቤት አንዱ ለፈንገስ ብሎ፣ ሌላው ለአለርጂ ብሎ የሰጠውን ቅባት ሁሉ ተቀባ። ሚስቱ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ትዕግሥተኛ ሴት፣ አንሶላውን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ክፍል ከሚታተም የንባብ መጽሐፍ ገጽ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተገኘ። የብዕር ቀለም አልነበረም። ወረቀት ቆራጩ ገጹን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ ቀልደኛ ነውና፣ «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሣም አሉ! ጋሽ ነጥብ፣ ጥፍር እንኳ ሞልቶልዎታል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ነጥብም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን «እከክ» የምትለው ቃል ከክፍሉ ሳትወጣ ቀረች። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆውን ለብቻዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ አገኛት። የሚታረመው ገጽ በሁለት ጣት ጫፍ ተይዞ ይቀርብለት ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ነው፤ በር ዘግቶ ነው ያናገረው። «ጋሽ ነጥብ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ሠራተኛው ግን ቤቱ ልጆች አሉት፤ ይፈራል። ለጊዜው ታች መጋዘን ይሁኑ። የበሽታውን ስም ጠቅሶ፣ አይተላለፍም የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሐኪም ያምጡልኝ፤ ወንበርዎ እዚያው ናት።»

«ወንበሬ እዚያው ናት?»

«እዚያው ናት። ቃሌ ነው።»

መጋዘኑ መስኮት የለውም። እስከ ጣሪያ የተከመረ ወረቀት፣ አንድ ጠረጴዛና ወለሉ እየተንቀጠቀጠ ከላይ የሚሰማ የማሽን ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የጋሽ ነጥብ ሥራ ሲጠሩት እስር ወረቀት እስከ ደረጃው ማውጣት ሆነ። በቀረው ጊዜ የተበላሹ ገጾች ወደሚጣሉበት ካርቶን እጁን ይሰድና፣ ማንም የማያነበውን ብጣሽ ያርማል። የሚሰጠው ሰው ስለሌለ አርሞ መልሶ ይጥለዋል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደጇ ላይ የተሰለፈው ሰው ደግሞ ለአንድ ሐኪም አይደለም፣ ለአንድ ሆስፒታል ይበቃል። ሸሚዙን አስወለቀችው። ሁለቱን ክርኖቹን ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች።

«ሁለቱም ላይ እኩል ነው የወጣው» አለች። «ሆድዎን ይነፋዎታል?»

«በዚህ ዕድሜ ያልተነፋ ሆድ የማን ነው?»

አልሳቀችም። «ይሄ እከክ አይደለም አባባ። እኔ የጠረጠርኩት ስንዴ ነው።»

«ስንዴ? ይሄ የምንበላው?»

«የምንበላው። ሲሊያክ ይባላል። ስንዴ ወይም ገብስ ሲገባ ሰውነት ጠላት የመጣ መስሎት የራሱን አንጀት ይጎዳል። አንዳንድ ሰው ላይ በቆዳ ይወጣል፤ እንደርስዎ ማለት ነው። ግን በደምና በአንጀት ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ ተራው የሚደርስዎት ከሦስት ወር በኋላ ነው። አለቃዎ የጠየቀውን ወረቀት ደግሞ፣ ሳይረጋገጥ የበሽታ ስም ጽፌ ማኅተም አላደርግበትም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እከክ አይደለም የሚለው ሰው አገኘ። የሸሚዙን ቁልፍ እየተሳሳተ ሲቆልፍ እሷ ትጽፍ ነበር። ነርሷ የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራች፤ በሩ ተከፈተ፤ አንዲት ሴት የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ ገባች።

«እስከዚያ የሚያደርጉትን ጽፌልዎታለሁ። በደንብ ያንብቡት፣ እሺ?»

«ማንበብማ እንጀራዬ ነው ልጄ» አለና በኩራት ወጣ።

ማታ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ እሱም መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ አዋጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። «ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ስንዴና ገብስ ያለበትን ምግብ እንዲያቋርጡ።»

ሚስቱ ክር በጥርሷ በጠሰች። «ሳይመረመር?»

«እስኪመረመር ይላል።»

«እኔ እንግዲህ አልተማርኩም። ግን ልብስ ስለካ ባለቤቱ ፊቴ ይቆምልኛል፤ ከቤት አስወጥቼው አልለካም። ስንዴው መሆኑን ለማየት ስንዴው ሆድህ ውስጥ መገኘት የለበትም እንዴ? ሄደህ አንድ ጊዜ ጠይቃት።»

«አንቺ ደግሞ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት አርሜ ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው? ዲ ናት። እንዲያቋርጡ። ጫማዋ ይታያል።»

እሱ ፊደልን እንደ ሰው በእግሯ ነው የሚለያት። ዲ ቀኝ እግሯ ላይ ጫማ ታጠልቃለች፤ ዳ ደግሞ ግራ እግሯ አጭር ስለሆነ ታነክሳለች። በማግስቱ ዳቦው፣ ማካሮኒው፣ ብስኩቱ፣ የስንዴ ዱቄቱ ሁሉ ተጠርጎ ለጎረቤት ሄደ።

ዳቦ ለጋሽ ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምሳው አንድ ዳቦና ሻይ ነበር፤ ሥራ እንዳይፈታ በግራ እጁ እየቆረሰ በቀኙ ያርማል። አሁን ሚስቱ ሩዝ ወይም የተቀቀለ ድንች በሳህን ትቋጥርለታለች። መጋዘኑ ውስጥ ድንቹን እያየ የሚበላው ወረቀቷን በማሰብ ነው። የበሽታውን ስም፣ ማኅተሙን፣ ከዚያ ደረጃውን ወጥቶ ከመስኮቱ ሥር መቀመጡን ያስባል። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ወር ያለ ለውጥ አለፈ። በሁለተኛው ወር አዲስ መውጣት አቆመ። በሦስተኛው የክርኑ ቁስል ጠቁሮ መፋቅ ጀመረ፤ ማሳከኩም እንደ ሩቅ ጎረቤት ሆነ፣ መኖሩን ታውቃለህ እንጂ አያውክህም። ጋሽ ነጥብ ደስ አለው። «አየሽ?» ይላታል ሚስቱን በየጠዋቱ፣ ክርኑን አፍንጫዋ ሥር እየደቀነ። «አየሽ?»

«እሰይ፤ እግዜር ይማርህ» ትላለች።

ቀኑ ደረሰና ደሙ ተቀዳ፤ ካሜራ ያለው ቱቦም በአፉ ገብቶ አንጀቱ ታየ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፣ መልሳ አየች።

«ምንም የለም» አለች።

«ምን ማለት ነው ምንም የለም?»

«የሲሊያክ ምልክት አልተገኘም። ግን…» ክርኑን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ይሄ ቁስል እኮ እየዳነ ነው። አባባ፣ ስንዴ እየበሉ ነበር አይደል?»

ጋሽ ነጥብ ደረቱን ነፋ። «ቁራሽ አልቀመስኩም! ልክ እንዳዘዙኝ።»

ሐኪሟ እርሳሷን አስቀመጠች።

«እኔ እንዳያቋርጡ ነው ያልኩት። ስንዴውን ካልበሉ ምልክቱ ይጠፋል፤ ምርመራው ምን ያገኛል?»

ወረቀቷን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሦስት ወር ሙሉ ስለያዛት በእጥፋቷ ላይ ሳስታለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። «እንዳያቋርጡ ነው እኮ የሚለው» አለች፣ ሳትቆጣ።

«የሐኪም ጽሑፍ ነዋ! ማን ይለየዋል? ማንም ቢሆን ዲ ነው የሚላት!»

«ይቅርታ አባባ። በቃል ደግሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።» ይቅርታዋ ከልብ ነበር። «አሁን እንግዲህ ሁለት ነገር ነው። ለጤናዎ ብቻ ከሆነ ስንዴውን እንደተዉ ይቅሩ፣ ይሻልዎታል። ወረቀቱ የግድ ካስፈለገ ግን እንደገና ይጀምራሉ። በየቀኑ ዳቦ፣ ቢያንስ ሁለት ወር። ከዚያ እንደገና ምርመራ። ሽፍታው መመለሱ አይቀርም።»

ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሱ ግን ሳይቸኩል፣ አንድ መስመር ለሦስት ወር እያነበበ ነው ያፈሰሰ። ለሚስቱ ሲነግራት «ብዬህ ነበር» ትለኛለች ብሎ ጠብቆ፣ መልሱን በመንገዱ ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። አላለችውም። ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ዳቦ ገዝታ ተመለሰች። ቆርሳ ሳህን ላይ አደረገችለትና ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። ብትሰድበው በወደደ። ዳቦው ደግሞ ጣፈጠው፤ ይሄ ነው ከሁሉ ያናደደው።

ለሥራ አስኪያጁ የነገረው ግማሹን ነው። የሐኪሟ ጽሑፍ አይነበብም ነበር፣ ምርመራው ይደገማል፣ ሁለት ወር ይፈጃል አለ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠው። «ጋሽ ነጥብ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። ወንበሯን ባዶ አድርጌ ልቆይ አልችልም» አለ። ጋሽ ነጥብ ቃልህስ ብሎ አልጠየቀውም። ቃሉን የሰጠው ወረቀት ላመጣ ሰው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ክርኑ መለብለብ ጀመረ። በአሥረኛው ወገቡ። ሚስቱ ሳትጠየቅ አንሶላ ትዘፈዝፋለች። እሱ ዳቦውን ይበላል፣ ያካል፣ ይበላል፣ ያካል። አንድ ሐሳብ ብቻ እንደ ሙጫ ያዘው። ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ የእኔ አይደለም። የቱንም አንባቢ ላምጣ፣ ያቺን ፊደል ዲ ነው የሚላት። አጉሊ መነጽሩ ላይኛው ክፍል፣ የድሮ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። ወጥቶ ሊያመጣው ይችላል፤ አላመጣውም። ለምን እንዳላመጣው ራሱን አልጠየቀም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮምፒውተር ጸሐፊዋ ካርቶን አቅፋ ወደ መጋዘኑ ወረደች። በካርቶኑ ውስጥ መዝገበ ቃላቱ፣ የአንገት ልብሱና አጉሊ መነጽሩ ነበሩ። ካርቶኑን አስቀምጣ እጇን የት እንደምታደርገው አጣች።

«ጋሼ… ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ። አራሚ ሁኚ አሉኝ። አልፈልግም ብዬ ነበር፤ እምቢ ካልሽ ከውጭ እቀጥራለሁ አሉኝ። እኔ ብሆን ይሻላል ብዬ ነው፣ እርስዎ ሲመለሱ…» አልጨረሰችውም።

ጋሽ ነጥብ ካርቶኑን አየ። ክርኑን ሊያከው እጁ ተነሣና መለሰው። ከዚያ፣ ለዚያ ሁሉ ነገር መልስ እንደሚሆን አድርጎ፣ ወረቀቷን ከኪሱ አወጣ። ይቺ ልጅ፣ ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» የሚምታቱባት ልጅ፣ በእርግጥ ትሳሳታለች። ከእሷ ስሕተት የተሻለ ምስክር አልነበረውም።

«እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» አላት። «መነጽሬን አላደረግኩም።»

መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ልጅቷ ወደ አምፖሉ ጠጋ ብላ፣ ሳትደነቃቀፍ አነበበችው። «ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ስንዴና ገብስ ያለበትን ምግብ እንዳያቋርጡ።»

«እንዲያቋርጡ።»

«እንዳያቋርጡ ነው ጋሼ።»

«ዲ ናት እኮ! ጫማዋን አታይም?»

«ኧረ ጫማ አይደለም፤ ብዕሩ ሲነሣ የጎተተው ጭረት ነው። ግራ እግሯ አጠር ብሏል፣ ያነክሳል፣ ይኸው።» ጣቷን ፊደሏ ሥር አደረገች። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ጅራቱ ያታልልሻል፣ እግሩን እይ ብለው።»

ጋሽ ነጥብ ከካርቶኑ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን አነሣ። እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈው። ከዚያ ወደ ወረቀቷ ሳያስጠጋው መልሶ አስቀመጠው። ከላይ ማሽኑ ተነሣና ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ልክ ነሽ» አላት።

ልጅቷ የሰማችውን ያላመነች ይመስል ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ከሸሚዙ ኪስ ቀይ ብዕሩን እያወጣ ነበር። ከብጣሾቹ ካርቶን አንዲት ቁራጭ አነሣና፣ እጁ የነካውን ሰው ስለማይነካለት፣ ብዕሩን በሥርዓት ጠቅልሎ ዘረጋላት። ተቀበለችው። ወረቀቱን ፈታችና ጣለችው፤ ብዕሩን በባዶ እጇ ጨብጣ ደረጃውን ወጣች። ሲያዳምጣት ደረጃው መካከል ሁለት ጊዜ ቆመች።

ጋሽ ነጥብ የሐኪሟን ወረቀት በሳሳው እጥፋቷ አጥፎ ኪሱ ከተታት። ሚስቱ በጨርቅ የቋጠረችለትን ምሳ ፈታ። ወንበሯ ሄዳለች፤ ወረቀቱን ይዞ የሚወጣበት ደረጃ አሁን የት እንደሚያደርሰው አያውቅም። ክርኑ ይለበልባል። የቀሩት አርባ ዘጠኝ ቀናት ናቸው። ዳቦውን ቆርሶ፣ ፍርፋሪው እንኳ ሳይቀር፣ እስኪያልቅ ድረስ በላው።